ስማርት መስታወት ለአዲስ አበባ ቢሮ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ቦሌ አካባቢ ለቢሮ የሚከራይ ጂ+7 ህንፃ እያሠራን ነው። ስትራክቸሩ አልቋል፤ አሁን አልሙኒየምና መስታወት ልናዝ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ በዲዛይኑ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። አንድ አቅራቢ ስማርት መስታወት አሳየን። ቁልፉን ሲጫነው መስታወቱ ወዲያው ነጭ ሆነና ማሳየት አቆመ፤ ደግሞ ሲጫነው ጠራ። ‹ፀሐይ አያስገባም፣ ኤሲም አያስፈልጋችሁም› አለን። ዱባይ ያለው ወንድሜም እዚያ ህንፃው ሁሉ መስታወት ነው እያለ ይገፋፋኛል። አሁን ተከራይተን የምንሠራበት ቢሮም መስታወት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። በአዲሱ ህንፃ ይህ እንዲደገም አልፈልግም። ስማርት መስታወቱ ያዋጣል ወይ?»

ምላሽ፦ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ያሳዩዎት መስታወት ሙቀት የሚከላከለው ዓይነት አይደለም። ሙቀት የሚከላከል ስማርት መስታወት በእርግጥ አለ፤ በደንብም ይሠራል። ለእርስዎ ህንፃ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ሌላ ነገር ላይ ነው። ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልዎት ጊዜው ስላላለፈ ነው። መስታወቱ እስካልታዘዘ ድረስ ብዙ ነገር ማስተካከል ይቻላል። አንዴ ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው መጋረጃ መግዛት ብቻ ነው።

ካዩት ልጀምር። ቁልፍ ሲጫኑት ወዲያው የሚነጣው ፒዲኤልሲ ይባላል። በሁለት መስታወት መሃል በተጣበቀ ስስ ፊልም ውስጥ በዓይን የማይታዩ የፈሳሽ ክሪስታል ጠብታዎች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲያገኙ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ብርሃኑም ቀጥ ብሎ ያልፋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሰልፋቸው ይፈርሳል፤ ብርሃኑ እየተበተነ ያልፋል። ነጭ ሆኖ የሚታየን ለዚህ ነው። ልብ ይበሉ፣ ብርሃኑ ተበተነ እንጂ አልቀረም። አብዛኛው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱም አብሮት ይገባል። ለስብሰባ ክፍል ፓርቲሽን ወይም ለሐኪም ምርመራ ክፍል በጣም ጥሩ ነው። ጨርቅ ስለሌለው አቧራ አይዝም፣ አይታጠብም። ለምዕራብ ፀሐይ ግን መድኃኒት አይሆንም። ሌላም ችግር አለው፦ ጠርቶ እንዲቆይ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር የህንፃዎ ፊት በሙሉ ነጭ ይሆናል፤ ውስጥ ያለው ሰው ውጭውን ማየት ያቆማል።

ሙቀቱን የሚከላከለው ኤሌክትሮክሮሚክ የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው አይቶታል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ተሳፍረው ከሆነ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ተጭነው ይሆናል። አየር መንገዱ የመጀመሪያውን 787 የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ አውሮፕላን የሚሳብ መከለያ የለም። ቁልፉን ሲጫኑት መስኮቱ ወዲያው አይጠቁርም። ቀስ እያለ ሰማያዊ፣ ቆይቶ ድፍን ያለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ውጭው ግን አሁንም ይታያል። የአውሮፕላኑ በጄል የሚሠራ ነው፤ ለህንፃ የሚሆነው ደግሞ መስታወቱ ላይ በተቀቡ በጣም ስስ የብረት ኦክሳይድ ንብርብሮች ይሠራል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ሳትየን ዴብ የተባለ ተመራማሪ ተንግስተን ኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ቀለሙን እንደሚቀይር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ክሌስ ግራንክቪስት ይህንኑ ወደ መስኮት አመጣው። አሠራሩ ሲቀልል እንዲህ ነው። ከ5 ቮልት በታች የሆነ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የሊትየም አዮኖች ከአንዱ ንብርብር ወጥተው ወደ ተንግስተን ኦክሳይዱ ይገባሉ፤ እሱም ይጠቁራል። ኤሌክትሪኩን ሲገለብጡት አዮኖቹ ይመለሳሉ፣ መስታወቱም ይጠራል። የሚፈጀው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዋናው ፍጆታው ቀለሙን በሚቀይርበት ሰዓት ነው። ትልልቅ መስታወት ግን ሙሉ በሙሉ ለመጥቆር ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በአንድ ጊዜ ድርግም ያለ መስታወት ካሳዩዎት ይህኛው አለመሆኑን በዚያው ይወቁት።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ቴርሞክሮሚክ ይባላል። ሽቦ የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ሲሞቅ በራሱ ይቀየራል። ብዙ የተጠናው ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ በተፈጥሮው የሚቀየረው 68 ዲግሪ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ተንግስተን እየቀላቀሉበት ወደ ታች ያወርዱታል። ለእርስዎ ግን ሰው ሲፈልግ የማይታዘዝ መስታወት አልመክርም።

አሁን ቁጥሩን በእርስዎ ህንፃ ላይ እናስቀምጠው። መስታወት ሲገዙ መጠየቅ ያለብዎት ዋናው ቁጥር የፀሐይ ሙቀት ማስገቢያ መጠን የሚባለው ነው፤ አቅራቢዎች ኤስኤችጂሲ ይሉታል። መስታወቱ ላይ ካረፈው የፀሐይ ጉልበት ስንት እጅ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል። ተራ 6 ሚሊ ነጭ መስታወት 0.82 አካባቢ ነው፤ ከመቶ 82ቱን ያስገባል ማለት ነው። ጥራት ያለው ኤሌክትሮክሮሚክ ሲጠራ 0.40 ገደማ፣ ሲጠቁር እስከ 0.09 ይወርዳል። የብርሃን ማሳለፊያውም ከ60 በመቶ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። ከላያችን ያለው አየር ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ትበረታለች። በበጋ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ከ9 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ምዕራብ በቆመ ግድግዳ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ600 እስከ 700 ዋት ያርፋል። አንድ ቢሮ 10 ካሬ መስታወት ቢኖረው በተራው መስታወት በኩል ወደ 5 ኪሎዋት ይገባል። ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለኩሶ እንደ መሥራት ነው፤ እንዲያውም ምጣዱ ያንሳል። በጠቆረው ኤሌክትሮክሮሚክ በኩል የሚገባው 600 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ይሠራል ያልኩዎት ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን አልመክርም? ለዚህ መልስ ምቾት ምን እንደሆነ መነጋገር አለብን።

ብዙ ሰው ምቾትን ቴርሞሜትር ላይ በሚያየው ቁጥር ይለካዋል። ዴንማርካዊው ኦሌ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራው የቆጠረው ግን ስድስት ነገር ነው፦ የአየሩ ሙቀት፣ በዙሪያችን ካለው ነገር የሚመጣው ጨረር፣ የአየሩ እንቅስቃሴ፣ እርጥበቱ፣ የለበስነው ልብስና የምንሠራው ሥራ። አዲስ አበባ ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ የሚያይ የመስታወት ቢሮ ይግቡ። መስኮት ሥር የተቀመጠችው ልጅ ጃኬቷን አውልቃለች። መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጥፋለች፤ ካርቶኑ የማይደርስበት በኩል የመኪና የፊት መከለያ አቁማለች። አራት ሜትር ርቆ ኮሪደሩ ጋ የተቀመጠው ባልደረባዋ ሹራቡን አላወለቀም። የሚተነፍሱት አየር አንድ ነው። ቴርሞሜትሩም 25 ዲግሪ ነው የሚለው። እሷን የሚያቃጥላት ቀጥታ ሰውነቷ ላይ የሚያርፈው ፀሐይና የሞቀው መስታወት የሚልክባት ጨረር ነው። ቀና ብለው ቢያዩ ደግሞ በቀትር ብርሃን የኮርኒሱ መብራት ሁሉ በርቷል፤ ፀሐይዋን ለመሸሽ መጋረጃው ተዘግቷላ! በዚህ ክፍል ኤሲ ቢገባ እሱ ይበርደዋል እንጂ እሷን የሚያቃጥላት አይቀርም። አሽሬ 55 የሚባለው የአሜሪካኖቹ የምቾት መለኪያም ሰው ላይ በቀጥታ የሚያርፈውን ፀሐይ በስሌት ውስጥ ካስገባ ቆይቷል።

ይኸው መለኪያ መስኮታቸው ለሚከፈት ህንፃዎች ቀላል ስሌት አለው። የውጭውን አማካይ ሙቀት በ0.31 ያባዙ፣ 17.8 ይደምሩ። የአዲስ አበባን አማካይ 16 ዲግሪ ብንል 22.8 ይመጣል። ከዚያ 3.5 ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ከ10 ሰው 8ቱ አይከፋውም። ከ19 እስከ 26 ዲግሪ ማለት ነው። ከተማችን ውስጥ ቀን ላይ ውጭ ያለው አየር አብዛኛውን ዓመት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እኛ ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው አየር የለንም። ያለን ሥራ ፀሐይዋን ውጭ ማስቀረትና ያንን ነፃ አየር ማስገባት ነው። ይህን ስጽፍ በሙሉ ልቤ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት አየር የታደሉ ትልልቅ ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ እኛ ደግሞ በመስታወት አሽገን እየዘጋነው ነው።

የወንድምዎን ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። ያለው ትክክል ነው፤ ዱባይ መስታወት በመስታወት ናት። ግን እዚያ በሞቃቱ ወራት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፣ ሌሊቱም አይበርድም። መስኮት ከፍቶ የሚገባ ጥሩ አየር በእነዚያ ወራት የለም። ህንፃው ታሽጎ ኤሲ ቀንና ሌሊት ይሠራል። መስታወቱም ድርብና ሙቀት መላሽ ቅብ ያለው ነው፤ ሥራውም የኤሲውን ጫና መቀነስ ነው። እዚያ ስማርት መስታወት የገዛ ሰው ከኤሲ የመብራት ሒሳብ ላይ ይቆጥባል። አቅራቢዎች የሚያሳዩት የቁጠባ ሰንጠረዥም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው እንዲህ ላለ ህንፃ ነው። የእርስዎ ህንፃ ኤሲ ከሌለው ከምኑ ላይ ይቆጠባል? አዲስ አበባ ላይ የሚያገኙት ትርፍ የሰው ምቾት ነው። ምቾቱ ደግሞ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስሌት እንሠራ ነበር።

ለስማርት መስታወቱም ፍትሐዊ ልሁን። አዲስ አበባን በተመለከተ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው። በጋችን ፀሐይ ነው፤ ክረምታችን ጨለማ ነው። በሐምሌ ደመናው ሲጫነን በቀትር መብራት እናበራለን። አሁን በየህንፃው የሚገጠመው ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ አንጸባራቂ መስታወት ለበጋው ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ክረምት ላይም እንደጠቆረ ይቀራል። ጠዋት ላይም እንዲሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ ሲገባ ፀሐይዋን ይፈልጋታል። ከሰዓት ሲሆን ይሸሻታል። ፀሐይዋን በሚፈለግበት ሰዓት አስገብቶ በማይፈለግበት ሰዓት የሚመልስ ነገር ለዚህ ከተማ በጣም ይስማማል። ጥያቄው ይህን ሥራ መሥራት ያለበት መስታወቱ ነው ወይስ ከመስታወቱ ፊት የሚቆም ነገር ነው የሚለው ነው።

እኔ ከፊቱ የሚቆመውን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ ፀሐይዋ ራሷ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚህ በሁለቱ መሃል በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ግን ብዙው ክረምት ነው፣ ደመናው ይሸፍናታል። በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። በታኅሣሥ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ በደቡብ ያለ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መስኮት ከላዩ 95 ሳንቲም የወጣ ሼድ ካለው የቀትር ፀሐይ አያገኘውም። ደቡብና ሰሜን ቀላል ናቸው፤ ስማርት መስታወት እዚያ ላይ ማድረግ ገንዘብ መጣል ነው።

ምዕራብ ግን ከባድ ነው። በመጋቢት ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ያንኑ መስኮት በሼድ ለመከለል ከ2 ሜትር በላይ ማውጣት ሊኖርብዎት ነው። 11 ሰዓት ላይ ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ይህ አይሆንም። ስለዚህ በምዕራብ በኩል መከለያው ከላይ የሚወጣ ሳይሆን ከመስታወቱ ፊት ለፊት የሚቆም መሆን አለበት። ሉቨር የሚባለው ተቀራርቦ በአግድም የተደረደረ የአልሙኒየም ዝርግ፣ ቀዳዳ ያለው ሺት፣ የሸክላ ወይም የሲሚንቶ ወንፊት ብሎኬት፣ ሁሉም ይሆናል። ቋሚ ክንፍ ከመረጡ አርክቴክቱ አንግል ይስጠው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ በመሃሉ ታልፋለች። እጅ ላይ ገንዘብ ካለ ደግሞ በእጅ ማንሻ የሚዞር ሉቨር ያድርጉ። ጠዋት ይከፈታል፣ ክረምቱን ሙሉ ይከፈታል፣ በበጋ ከ7 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። በደንብ የተሠራ የውጭ መከለያ ከሚመጣው የፀሐይ ሙቀት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ውጭ ያስቀረዋል። ሞተሩ ቢበላሽ፣ ሞተር ካለው ማለቴ ነው፣ እዚሁ ያለ ባለሙያ ይጠግነዋል።

የውስጥ መጋረጃ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ጨርቁ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። ነጭ መጋረጃ የተወሰነውን መልሶ ያወጣል፤ የቀረው ክፍሉ ውስጥ ይቆያል።

ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩትን የአዲስ አበባ የመንግሥትና የባንክ ህንፃዎች ረጋ ብለው ይመልከቱ። የብዙዎቹ መስኮት ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ከፊቱም የኮንክሪት መከለያ አለው። ያኔ የሠሯቸው ሰዎች ፀሐይዋን ቆጥረው ነው የሠሩት።

ሉቨሩን ለመስቀል የብረት ማሰሪያው ከፎቁ ኮንክሪት ጠርዝ ጋር መያያዝ አለበት። ስለዚህ ውሳኔው መስታወቱ ከመታዘዙ በፊት መሆን አለበት፤ የስትራክቸር ኢንጂነርዎም ጭነቱንና ንፋሱን አስልቶ ይፈርምበት። በዚያው ላይ ዲዛይኑን አንድ ደረጃ እንዲቀንሱት እለምንዎታለሁ። ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ያለው መስታወት ለማንም አይጠቅምም፤ ብርሃኑ ከጠረጴዛ ሥር ነው የሚቀረው። እሱን በብሎኬት ቢዘጉት ሙቀቱም ወጪውም ይቀንሳል። ከግድግዳው 40 በመቶ ያህሉ መስታወት ከሆነ ለቢሮ በቂ ብርሃን ይገባል፤ በተለይ የመስኮቱ የላይኛው ጫፍ ከፍ ካለ። ብርሃን የመስኮቱን ከፍታ ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና።

መስኮቱ ይከፈት። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ከርተን ዎል፣ ማለትም ሙሉ የመስታወት ግድግዳ፣ ሲሠራ የሚከፈተው ክፍል ወጪ ለመቀነስ ሲባል በየፎቁ አንድ ሁለት ብቻ ይቀራል። ከታችም ከላይም የሚከፈት ይኑር፤ የሞቀው አየር ከላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ከምሥራቅ በኩልም ተቃራኒ መክፈቻ ካለ አየሩ አቋርጦ ያልፋል። ከላይ ያለው ትንሽ መስኮት ፍርግርግ ቢደረግለት ሌሊትም ክፍት ማደር ይችላል፤ ዘበኛውም አይጨነቅም። ቀን የሞቀውን ኮንክሪት የአዲስ አበባ ሌሊት በነፃ ያቀዘቅዝልዎታል።

መስታወቱን ራሱን በተመለከተ፣ ለምዕራቡ ፊት ሙቀት መራጭ ቅብ ያለው ድርብ መስታወት ይጠይቁ። ከፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉ በዓይን የማይታይ ነው። ይህ ቅብ የማይታየውን እየመለሰ የሚታየውን ያሳልፋል። ጥሩ የሚባለው 60 በመቶ ብርሃን አሳልፎ ኤስኤችጂሲው 0.28 አካባቢ ነው። ሽቦ የለው፣ ሪሞት የለው። ዋጋው ከኤሌክትሮክሮሚክ በብዙ ያንሳል። ከሉቨር ጋር ሲሆን ክረምት ላይም አያጨልምም።

ስማርትም ይሁን ተራ፣ ድርብ መስታወት ከውጭ ሊያስመጡ ከሆነ ይህን አንቀጽ ለኮንትራክተርዎ ያሳዩልኝ። ድርብ መስታወት በሁለቱ መሃል አየር ወይም አርጎን የሚባል ጋዝ ታሽጎበት ነው የሚመጣው። ፋብሪካው ባህር ወለል አካባቢ ከሆነ ያሸገው አየር 101 ኪሎፓስካል ግፊት አለው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው ግፊት 76 ገደማ ነው። ውስጥ የታሸገው አየር ግፊት ከውጭው በሲሶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። መስታወቱ ወደ ውጭ ያብጣል። ፊቱ ላይ የሚታየው የህንፃና የደመና ምስል ይጣመማል። ጠርዙን የያዘው ማሸጊያ ቀንና ሌሊት ይወጠራል፤ ሲላላ እርጥበት ይገባና መሃሉ ላይ ማንም የማይጠርገው ጉም ይቀመጣል። ጠባብ መስታወት ደግሞ መለጠጥ ስለማይችል ቶሎ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ያለ ነው። ወይ እዚሁ በእኛ ከፍታ ላይ የታሸገ ይግዙ፣ ወይ ፋብሪካው በጠርዙ ላይ ቀጭን የግፊት ማስተካከያ ቱቦ አድርጎ ይላከው። ቱቦ ካለው አርጎኑ አምልጦ ስለሚያልቅ ለአርጎን ተብሎ ተጨማሪ አይክፈሉ። ለኤሌክትሮክሮሚክ ከሆነ ቅቡ የሚቀመጠው እዚያው የታሸገው ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ለ2,300 ሜትር ከፍታ ዋስትና እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያረጋግጥ። የቃል ተስፋ አይበቃም።

ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም ኤሌክትሮክሮሚክ ከፈለጉ አንድ ቦታ ላይ እስማማለሁ። የላይኛው ፎቅ ላይ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያይ አዳራሽ ወይም ሬስቶራንት ካለ፣ ሉቨር ዕይታውን ይቆርጠዋል። እዚያ ለአንዱ ክፍል ብቻ ያድርጉት። ሲገዙ ቅቡ በውጭኛው መስታወት ላይ ያለ ድርብ ይሁን። የጠቆረ መስታወት ፀሐይዋን የሚመልሳት ሳይሆን የሚመጥጣት ነው፤ ስለዚህ ራሱ በጣም ይሞቃል። ድርብ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ነጠላ ከሆነ የተወሰነውን መልሶ እርስዎ ላይ ይጨምረዋል። የሽቦው መንገድ በአልሙኒየሙ ውስጥ ከመጀመሪያ ይሰናዳ፤ መቆጣጠሪያው ከመብራት መዋዠቅ መከላከያ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ መስታወቱ በየትኛው ሁኔታ እንደሚቆይ ይጠይቁ። ሁለቱንም ኤስኤችጂሲ፣ የጠራውንም የጠቆረውንም፣ በወረቀት ላይ ያሳዩዎት። «ፀሐይ 99 በመቶ ይከላከላል» የሚል ብሮሹር ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ እሱ ቆዳንና ጨርቅን ይጎዳል እንጂ ክፍሉን የሚያሞቀው እሱ አይደለም።

ናሙናም ይውሰዱ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ህንፃው ምዕራብ ፊት ላይ ያቁሙትና እጅዎን ከኋላው ያድርጉ። ቁልፉን ይጫኑ። ቀለሙ ተቀይሮ እጅዎ ላይ የሚሰማዎት ሙቀት ካልቀነሰ መልሱን አገኙ። አሁን ያሳዩዎትን ነጭ የሚሆነውንም በዚሁ ይሞክሩት።

ስለ መለዋወጫም ያስቡበት። ቪው የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል። ኤሌክትሮክሮሚክ መስታወት ያለ መቆጣጠሪያውና ያለ ሶፍትዌሩ ውድ ድርብ መስታወት ብቻ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ አንዱ ቢሰበር ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ቀለም የሚያመጣልዎት ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይስፈር።

አሁን ስለሚሠሩበት የኪራይ ቢሮ። አከራዩ የውጭ መከለያ ከፈቀደ እሱ ይቅደም። ካልፈቀደ ጠረጴዛዎቹን ከመስታወቱ ሁለት ሜትር ያርቁ፤ መስኮቱን በጎን እንጂ ፊት ለፊት ወይም ከጀርባ እንዳያደርጉት። ነጭ ሮለር መጋረጃ መስታወቱ ሥር ጠጋ ብሎ ይገጠም፤ የሚወርደውም ፀሐይዋ ከመግባቷ በፊት ምሳ ሰዓት ላይ ይሁን። ከሞቀ በኋላ ማውረድ ዋጋ የለውም። ጠዋት የተከፈተው መስኮት ከሰዓትም አይዘጋ። አየሩን በዝግታ የሚያንቀሳቅስ ፋን ሁለት ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ያስመስላል። አንጸባራቂ ፊልም ነጠላ ነጭ መስታወት ላይ ያግዛል። ድርብ ከሆነ ግን ወይም መስታወቱ ቀድሞም ባለ ቀለም ከሆነ ፊልሙ ከውስጥ ሲለጠፍ መስታወቱ ከመጠን በላይ ይሞቅና ከጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል። መስታወቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያጣሩ አያስለጥፉ፤ ከተሰነጠቀ አከራዩ የሚጠይቀው እርስዎን ነው።